ዜና ቤተ ድውያን ዘልዕልት ዘነበወርቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ እንዴት እንዳገኙ እንጽፋለን።

አስቀድሞ የልዑል ራስ መኰንን ቸርነት ይነገር። ሐረርን ሲገዙ፥ በ1893 ዓ.ም. ገደማ፥ የካቶሊክ መነኰሳት የሆኑት የካፑቺን አባቶች ለሕሙማኑ ቤት ለማቆም ተነሡ። ሃይማኖታቸው ከእኛ ቢለይም ልዑል ፈቃዳቸውን አልነፈጓቸውም።

ልጃቸው ግርማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በዚሁ መንገድ ሄዱ። በዚያ ዘመን ሕሙማኑ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተኮልኩለው ይለምኑ ነበር። ሕዝባችን ስለ ጻድቁ ገብረ ክርስቶስ ብሎ ይመጸውት ነበር፤ ወደ ቤቱ ግን አያስጠጋም ነበር፥ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን አይተው፥ አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚስዮን ባልንጀሮቹ ጋር በአዲስ አበባ ዳር ቤተ ድውያን እንዲያቆም ፈቀዱለት። ፈቃዱ ከዙፋኑ ወጣ፤ ቁስሉን ያጠቡት ግን እነዚያ እንግዶች ናቸው።

በ1925 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ዘነበወርቅ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው በመቀሌ ዐረፉ። ቤተ ድውያኑም በልዕልቲቱ ስም ተጠራ። የቅርብ ዘመድ እንኳ ስማቸውን ለማንሣት ያፍርባቸው የነበሩ ሰዎች፥ ከዚያ ወዲህ "ከየት ናችሁ?" ሲባሉ የንጉሥ ልጅ ስም ይጠሩ ጀመር። ከብዙ ሹመትና ሽልማት ይልቅ እኔ ይህን አከብራለሁ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላት አገር ያዘ። ሚስዮናውያኑም ተሰደዱ።

ግርማዊነታቸው በድል ከተመለሱ በኋላ፥ በ1936 ዓ.ም. የሚስዮናውያንን ሥራ የሚወስን ዐዋጅ ወጣ። ተዋሕዶ በጸናበት ክልል ያክሙ፥ ያስተምሩ፤ የራሳቸውን እምነት ግን አይስበኩ። በተከፈተላቸው አገር ይስበኩ። ሁሉም አማርኛ ይማሩ። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን እንድትጠብቅ፥ ሕሙማንም ሐኪም እንዳያጡ፥ ሁለቱ በአንድ ዐዋጅ ታሰቡ። ይህ ጥበብ ነው። አንዳንዶች በዐዋጁ ላይ አጉረመረሙ።

በ1958 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና ከባሕር ማዶ የመጡ የሥጋ ደዌ ሚስዮኖች ተባብረው በዚያው በልዕልት ዘነበወርቅ ቤተ ድውያን ስፍራ አለርት የተባለውን ማሠልጠኛ መሠረቱ። ከብዙ አገር ሐኪሞች ሊማሩ መጡ።

ሕሙማኑም ዳኑ። ብዙዎቹ ግን ወደ ትውልድ መንደራቸው አልተመለሱም፤ የሚቀበላቸው አልነበረምና። በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፥ ተጋቡ፥ በዚያው ወለዱ።