ቅዳሜና እሑድ በሳኦ ፓውሎ



በደቡብ ኦሞ፥ ከጂንካ ብዙ በማይርቀው በካኮ ገበያ፥ ከአሪ ደጋ የወረደ ቡና ይሸጣል፤ ገለባውም ለብቻው ይሸጣል። የበና ሰዎች ገለባውን በሸክላ ማሰሮ አፍልተው በቅል ይጠጡታል፤ እንግዳም የሚቀበሉት በእርሱ ነው። ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ግን ፍሬው ባሕር ተሻግሮ ስለ ሠራው ከተማ፥ ስለ ሳኦ ፓውሎ ነው። ለስብሰባ ወደ ብራዚል ተልኮ ቅዳሜና እሑድ የሚተርፉት የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፥ ሁለቱን ቀን በምን እንደሚያውላቸው ከመነሣቱ በፊት ቢያስብበት መልካም ነው።

ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ ከተማ መብረር የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል። የእጅ ሰዓትን ግን መንካት አያስፈልግም፤ ሳኦ ፓውሎ ከእኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፥ በአገራችን አቆጣጠር 3 ሰዓት የሚል ሰዓት በእነርሱም አቆጣጠር 3 ሰዓት ይላል። 

የብራዚልን ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር እናገራለሁ። ከአገራችን ወደ የመን የተሻገረው ቡና፥ ከየመን ወደ ጃቫ፥ ከጃቫ ወደ አምስተርዳም፥ ከዚያም ወደ ሱሪናምና ወደ ካየን ደረሰ። በ1727 ፍራንሲስኮ ዴ ሜሎ ፓልሄታ የተባለ መኮንን ከካየን ዘሩን ወደ ብራዚል አገባ። የካየን ገዥ ሚስት ዘሩን በአበባ እቅፍ ውስጥ ደብቃ ሰጠችው ይባላል፤ ይህ ግን ለጨዋታ የተጨመረ ይመስለኛል።

ሳኦ ፓውሎ በ1554 በኢየሱሳውያን መነኮሳት የተቆረቆረች ስትሆን፥ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1872 ሕዝቧ ከ31 ሺህ ብዙ አይበልጥም ነበር፤ በ1900 ግን ወደ 240 ሺህ ተጠጋ። ምክንያቱ ቡናው ነው። በ1867 የተከፈተው የባቡር ሐዲድ ቡናውን ከደጋው ወደ ሳንቶስ ወደብ አወረደው፤ ከወደቡም ሰውን ሽቅብ አመጣ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጧት በረጃጅሙ ሕንፃ ስር ፎቶግራፍ ለመነሣት ከመሮጥ፥ በ1901 የተከፈተውን የሉዝን ባቡር ጣቢያ ማየት ይሻላል። ከዚያ ወደ ቀድሞው የስደተኞች ማረፊያ መሄድ ነው፤ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል። እኔ ብሆን የቀረውን ቀን ሁሉ በዚያ አውለው ነበር። የቡናው እርሻ ለብዙ ዘመን የተሠራው ከአፍሪካ በተጋዙ ባሮችና በልጆቻቸው ጉልበት ነው። ባርነት በ1888 በሕግ ሲሻር ባለ እርሻዎቹ ፊታቸውን ወደ ኢጣልያ፥ በኋላም ወደ ጃፓን መለሱ፤ በ1908 ካሳቶ ማሩ የተባለችው መርከብ 781 ጃፓናውያንን ሳንቶስ አራገፈች። በማረፊያው ቤት ወደ 2 ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ሰው አልፏል። ቡናውን ለዘመናት ተሸክመው ለኖሩት ለነጻ ወጪዎቹ ግን እንዲህ ያለ ቤት አልተሠራላቸውም።

እሑድ ወደ ሳንቶስ መውረድ ነው። መንገዱ ከ70 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርድ ስለ ሆነ የአሥመራንና የምጽዋን መንገድ ያስታውሳል። በዚያ በ1922 የተሠራው የቡና ገበያ ቤት ዛሬ የቡና ቤተ መዘክር ነው። የቡና ዋጋ በወደቀበት ዘመን፥ ከ1931 እስከ 1944፥ መንግሥቱ ከ70 ሚሊዮን ኬሻ በላይ ቡና እንዲቃጠል አድርጓል። አንዱ ኬሻ 60 ኪሎ፥ ማለትም ሦስት ፈረሱላ ተኩል ያህል ነው።

ዕቅድ ግን ዕቅድ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ በአዲስ አበባ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተነሣ፤ ጉብኝታቸውን አቋርጠው በላይቤሪያ፥ በቻድና በካርቱም በኩል አሥመራ ገብተው፥ ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ።

ሦስተኛ ቀን ያገኘ ሰው ወደ ካምፒናስ ይሂድ። በዚያ በ1887 የተመሠረተ የእርሻ ምርምር ተቋም አለ። በ1964 የዓለም የእርሻ ድርጅት መልእክተኞች ከአገራችን የሰበሰቡት የቡና ዘር በኮስታ ሪካ በኩል ወደዚህ ተቋም ደርሷል። በ2004 ሊቃውንቱ ከዚያ ዘር በበቀሉት ዛፎች መካከል ካፌይን ከሞላ ጎደል የሌላቸው ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ጥቅሙ ለማን ነው የሚል ክርክርም ከአገራችን ወገን ተነሣ። እነዚያን ዛፎች ማየት የሚፈልግ ሰው ሥራው በሰኞ ስለሚሆን፥ ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድ ይጠይቅ። ከካኮ ገለባ ቋጥሮ ለመውሰድ ግን አያስብ፤ ጉምሩኩ አያሳልፈውም።