በናይሮቢ የቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ፦ ቢዋይዲ አቶ 3 ወይስ ቮልስዋገን አይዲ 4?

በናይሮቢ ለቤተሰብ የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ከአገር ውስጥ አከፋፋይ አዲስ መግዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀኝ መሪ መኪና ከሚነዳባቸው አገራት፣ በተለይም ከብሪታኒያ፣ ያገለገለ ማስመጣት ነው።

ለመጀመሪያው መንገድ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቻይናው ቢዋይዲ ‘አቶ 3’ ነው። ስሙ ከአማርኛው የአክብሮት መጠሪያ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ሲሆን፣ በቻይና ‘ዩዋን ፕላስ’ ይባላል። ለሁለተኛው መንገድ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚታየው የጀርመኑ ቮልስዋገን ‘አይዲ 4’ በምሳሌነት ሊወሰድ ይችላል።

ሁለቱም አምስት መቀመጫ ያላቸው፣ ለቤተሰብ የተሠሩ ኤስዩቪዎች ናቸው። የሁለቱም ሞተር ጉልበት 150 ኪሎዋት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የአውሮፓን የመኪና ደኅንነት ፈተና በአምስት ኮከብ አልፈዋል፤ አይዲ 4 በአውሮፓውያኑ 2021፣ አቶ 3 ደግሞ በ2022። በወረቀት ላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው መኪናው በየትኛው ቤት እንደሚያድር፣ በየትኛው መንገድ እንደሚጓዝና ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ሲጠየቅ ነው።

ስሙ አንድ፣ መኪናው ግን ሌላ

ኬንያ ውስጥ የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል በመሆኑ፣ ለግል አገልግሎት የሚመዘገብ መኪና መሪው በቀኝ በኩል መሆን አለበት። ያገለገለ መኪና ሲገባም ዕድሜው ከስምንት ዓመት መብለጥ የለበትም። ከመጫኑ በፊትም የኬንያ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት በወከለው ድርጅት መፈተሽ ይኖርበታል።

ይህ ሕግ ለኢትዮጵያውያን ገዢዎች ልዩ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን ባለሥልጣናት በ2024 መጀመሪያ ላይ ካስታወቁ ወዲህ፣ አዲስ አበባ የገቡት አይዲ 4ዎች በአብዛኛው ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። መሪያቸው በግራ ነው። የቻርጅ መሰኪያቸውም ‘ጂቢ/ቲ’ የተባለው የቻይና ዓይነት ነው። ለብሪታኒያ ገበያ የተሠራው አይዲ 4 ግን መሪው በቀኝ፣ መሰኪያው ደግሞ ‘ሲሲኤስ 2’ የተባለው የአውሮፓ ዓይነት ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ባለ ዘመድ መኪና ላይ የተገኘ ልምድ እንዳለ ወደ ናይሮቢ አይዛወርም። የመለዋወጫ ቁጥሩ፣ ሶፍትዌሩና የቻርጅ ገመዱ ሊለያዩ ይችላሉ። ኋላ ላይ መኪናውን በሞያሌ በኩል ወደ አገር ቤት ለማስገባት የሚያስብ ሰውም እነዚህን ልዩነቶች አስቀድሞ ሊያጤናቸው ይገባል። ባለ ሰባት መቀመጫው ‘አይዲ 6’ ደግሞ ለቻይና ገበያ ብቻ፣ በግራ መሪ የተሠራ በመሆኑ ለናይሮቢ ነዋሪ አማራጭ አይሆንም።

ባትሪው፦ ትልቁ ሁልጊዜ ትልቅ ነው?

ባለ ሙሉ አቅሙ አቶ 3 ባትሪ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። በአውሮፓው የመለኪያ ሥርዓት አንድ ጊዜ ሲሞላ 420 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ተመዝግቧል። ትልቁ የአይዲ 4 ባትሪ ጥቅም ላይ የሚውል 77 ኪሎዋት ሰዓት ሲኖረው፣ በዚሁ መለኪያ እንደ መኪናው ዓይነት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይዲ 4 ባለ 52 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪም አለው፤ አቶ 3ም ባለ 49.92 አለው። ከውጭ ሲታዩ ከትልልቆቹ ለመለየት ያስቸግራሉ። ገዢው በማስታወቂያው ላይ ባለው ስም ሳይሆን በመኪናው ሰነድ ላይ በሰፈረው የባትሪ መጠን ሊዋዋል ይገባል።

ሁለቱ ባትሪዎች በውስጣቸው ባለው ማዕድንም ይለያያሉ። የአቶ 3 ባትሪ ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት የተሠራ ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ሙሉ በሙሉ መሞላትን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቢሞላና ቢያልቅም አቅሙ ቶሎ አይደክምም። ድክመቱ ብርቱ ቅዝቃዜ ነው፤ ይህ ደግሞ ለናይሮቢ አያሰጋም።

የአውሮፓው አይዲ 4 ባትሪ በኒኬል፣ በማንጋኒዝና በኮባልት ላይ የተመሠረተ ነው። በተመሳሳይ ክብደት የበለጠ ኃይል ይይዛል፤ ነገር ግን ዕድሜው እንዲረዝም በዕለት ተዕለት አገልግሎት እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ ይመከራል።

የ77 ኪሎዋት ሰዓት 80 በመቶ 61.6 ነው። ይህም ከአቶ 3 ሙሉ ባትሪ ጋር ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ነው። ስለዚህ መኪናውን ልጆች ለማድረስ፣ ለሥራና ለገበያ የሚጠቀም ቤተሰብ በዘወትር አገልግሎት ልዩነቱን አያስተውለውም። ትልቁ ባትሪ ጥቅሙ የሚታየው በረጅም ጉዞ ላይ ነው።

የሞምባሳ መንገድ ፈተና

ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ሞምባሳ ደግሞ ዳርቻ ላይ ነች። በመሆኑም መሄዱና መመለሱ ለኤሌክትሪክ መኪና አንድ ዓይነት ጉዞ አይደለም።

ቤተሰብና ዕቃ የጫነ፣ በጥቅሉ ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም።

በዋናው መንገድ ላይ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ የሚደረገው ጉዞ በድምሩ 96 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ይህን ያህል የሚይዝ ባትሪ ከሁለቱ አንዱም የለውም። ለጥንቃቄ 10 በመቶ ተርፎ እንዲደረስ ከተፈለገ፣ አቶ 3 በመንገድ ላይ ቢያንስ 42፣ አይዲ 4 ደግሞ ቢያንስ 27 ኪሎዋት ሰዓት መሙላት ይኖርባቸዋል። 50 ኪሎዋት በሚሰጥ ቻርጀር ላይ የመጀመሪያው 50 ደቂቃ ገደማ፣ ሁለተኛው ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስዳል።

እንግዲህ ትልቁ ባትሪ በአንድ ጉዞ የሚያተርፈው ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ የታሰበው ቻርጀር ተበላሽቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ቢገኝ፣ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ለመድረስ የሚያስችል ትርፍ ይሰጣል። ወደ ባሕር ዳርቻ ወይም ወደ ምዕራብ ኬንያ አዘውትሮ የሚጓዝ ቤተሰብ ለዚህ ትርፍ ቢከፍል ምክንያት አለው። ሩቅ ጉዞው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ እስከምትገኘው ናይቫሻ የሆነ ቤተሰብ ግን በአንዱም መኪና ደርሶ ይመለሳል።

መኪናው የት ያድራል?

የኤሌክትሪክ መኪና ርካሽነት የሚወሰነው ሌሊት በሚሞላበት ቦታ ነው። የኬንያ የኢነርጂና ነዳጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በ2023 ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የተለየ ታሪፍ አውጥቷል። መነሻ ዋጋው በመደበኛው ሰዓት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 16 ሽልንግ፣ ፍላጎት በሚቀንስበት ሰዓት ደግሞ 8 ሽልንግ ነው። ርካሹ ሰዓት በሥራ ቀናት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። ከኦልካሪያ እንፋሎት የሚገኘው ኃይል ሌሊቱንም ሳያቋርጥ ስለሚመረት፣ በሌሊት የሚጠቀም ደንበኛ ይፈለጋል። በመነሻ ዋጋው ላይ ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያዎች ይጨመራሉ፤ ታሪፉም የሚሠራው በዚሁ ለተመዘገበ ቆጣሪ ነው።

በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቤተሰብ በቻርጅ ወቅት የሚባክነውን ጨምሮ ወደ 190 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ በርካሹ ሰዓት በመነሻ ዋጋ 1,520 ሽልንግ ገደማ ነው። አንድ ሊትር በ10 ኪሎ ሜትር የሚፈጅ የቤንዚን መኪና ለዚያው ርቀት 100 ሊትር ይጠጣል። በ2025 ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ170 ሽልንግ በላይ ሲሸጥ ስለነበር ወጪው ከ17,000 ሽልንግ ያልፋል።

በተለመደው ባለ ሦስት እግር የግድግዳ ሶኬት መሙላት አዝጋሚ ነው። ባዶ የሆነ አቶ 3ን ለመሙላት 26 ሰዓት፣ አይዲ 4ን ደግሞ 33 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ነገር ግን በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በየምሽቱ የሚያስፈልገው አራት ሰዓት ያልሞላ ጊዜ ነው። ባለ 7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር ከተተከለ አቶ 3 በ9፣ አይዲ 4 በ11 ሰዓት ገደማ ይሞላሉ። በየትኛውም መንገድ ሽቦው ለብዙ ሰዓት የማያቋርጥ ጭነት ብቁ መሆኑን ባለሙያ ማየት አለበት። በማራዘሚያ ገመድ መሙላት የእሳት አደጋ ያስከትላል።

ችግሩ የአፓርታማ ነዋሪዎች ጋ ይበረታል። በኪሊማኒም ሆነ በኢስሊ የጋራ ሕንፃ ላይ የሚኖር ተከራይ ብዙ ጊዜ መኪና ማቆሚያው ላይ የራሱ ሶኬት የለውም። ከመኪናው ግዢ በፊት ከሕንፃው አስተዳደር የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ፈቃዱ ካልተገኘ ከሁለቱ መኪናዎች የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያጣል።

ቦታ፣ ዕቃና መብራት ሲጠፋ

አይዲ 4 በርዝመት 4.58 ሜትር፣ አቶ 3 ደግሞ 4.46 ሜትር ገደማ ናቸው። የኋላ ዕቃ መያዣቸው በቅደም ተከተል 543 እና 440 ሊትር ነው። የሕፃን ጋሪና የጉዞ ሻንጣ አብሮ ለሚጭን ቤተሰብ የ100 ሊትር ልዩነት ቀላል አይደለም።

አቶ 3 በበኩሉ አይዲ 4 የሌለው አገልግሎት አለው። በተጨማሪ ማገናኛ ከመኪናው ባትሪ ለቤት ዕቃዎች ኤሌክትሪክ መስጠት ይችላል። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣ፣ አምፖልና ኢንተርኔት ለረጅም ሰዓት ያሠራል። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበውን የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ግን ይችላል ብሎ ማሰብ አይገባም።

ሁለቱም የኤስዩቪ ቁመና ቢኖራቸውም የገጠር ጭቃ መኪናዎች አይደሉም። አቶ 3 በፊት ጎማዎቹ፣ ባለ አንድ ሞተሩ አይዲ 4 ደግሞ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ይገፋሉ። ባትሪው ከሆዳቸው ሥር ስለተዘረጋ በድንጋይና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ጥንቃቄ ይሻሉ። በአብዛኛው ስኮርት ጎማ ይዘው ስለማይመጡም ገዢው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ዋጋው፣ ቀረጡና ዋስትናው

ኬንያ በ2019 የፋይናንስ ሕግ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መኪናዎች ላይ የሚጣለውን የኤክሳይስ ታክስ ከ20 ወደ 10 በመቶ ዝቅ አድርጋለች። ያገለገለ መኪና የሚያስመጣ ሰው ግን አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባል፤ የገቢዎች ባለሥልጣኑ ቀረጥ የሚያሰላው ገዢው ብሪታኒያ ውስጥ በከፈለው ዋጋ አይደለም። መነሻው ባለሥልጣኑ ራሱ ያወጣው የመሸጫ ዋጋ ዝርዝር ሲሆን፣ ከዚያ ላይ በዕድሜው ልክ ይቀነሳል። በጨረታ በርካሽ የተገኘ መኪና በቀረጥ ሊወደድ ይችላል። ስሌቱን ገንዘብ ከመላክ በፊት በጉምሩክ አስተላላፊ ማሠራት ብዙ ጸጸት ያስቀራል።

ዋስትናም ከዋጋው ጋር መደመር አለበት። ቮልስዋገን በአውሮፓ ለአይዲ 4 ባትሪ የሚሰጠው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ኩባንያው ኃላፊነት ይወስዳል። ይህ ዋስትና በግል ለመጣ መኪና ናይሮቢ ውስጥ ይሠራል ብሎ መገመት ግን አይገባም። አዲስ አቶ 3 የሚገዛም ቢሆን ለኬንያ የተሰጠውን የዋስትና ዘመን፣ የመለዋወጫ አቅርቦቱንና የሠለጠነ ባለሙያ መኖሩን በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

ያገለገለ አይዲ 4 ሲታይ ሦስት ነገሮች ሊቀርቡ ይገባል። አንደኛ፣ ባትሪው ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚያሳይ የምርመራ ውጤት። ሁለተኛ፣ በተለይ በመጀመሪያ ዓመታት ለተሠሩት፣ ሶፍትዌራቸው በጋራዥ መታደሱን የሚያረጋግጥ ሰነድ። ሦስተኛ፣ የቀድሞው ባለቤት የስልክ መተግበሪያ አካውንት ከመኪናው መሰረዙ።

እንግዲህ የትኛው?

የራሱ ግቢ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ናይሮቢ ውስጥ የሚነዳና መኪናው ሲበላሽ የሚጠየቅ አከፋፋይ እንዲኖር የሚፈልግ ቤተሰብ ወደ አቶ 3 ቢያደላ ያዋጣዋል። ባትሪው በየቀኑ ቢሞላ የማይጎዳ መሆኑም ለዚህ ቤተሰብ ይስማማል።

ሰፊ የዕቃ ቦታ የሚያስፈልገው፣ ረጅም መንገድ አዘውትሮ የሚጓዝና የባትሪ ምርመራውንም የቀረጡንም ስሌት በትዕግሥት የሚከታተል ቤተሰብ ደግሞ ባለ 77 ኪሎዋት ሰዓቱን አይዲ 4 ቢመርጥ አይሳሳትም። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ግን ለብቻው ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ሌሊት የሚሞላበት ቦታ የሌለው ቤተሰብ ግን ከመኪናው ሽያጭ ክፍል በፊት ወደ ቤቱ አከራይ ቢሄድ ይበጀዋል።