የድብርት መድኃኒትና የጎንዮሽ ጉዳቱ፦ ከታሪኩ ምን እንማራለን?

ባለፈው ዓመት በአንድ የቅዳሜ ስብሰባችን ላይ፣ ቡና እየተጠጣ፣ አንዲት እህታችን የድብርት መድኃኒቷን በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት እንዳቋረጠችው ነገረችን። አፏ ይደርቃል፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራታል፣ የሆድ ድርቀትም አስቸግሯታል። ለሐኪሟ ግን አልነገረችም። «በነጻ ታክሜ ደግሞ ላማርር?» አለችን። ያን ዕለት ከመካከላችን ሌሎች ሦስት ሴቶችም ዝም ብለው እንዳቋረጡ አወቅን። ስለዚህ እነዚህ መድኃኒቶች ከየት እንደመጡና ጉዳታቸው እንዴት እንደታወቀ ተጋግዘን አነበብን። ያገኘነውን ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን እናካፍላለን። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የድብርት መድኃኒት የተገኘው የሳንባ ነቀርሳ ሲታከም ነው። በ1952 በኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል አይፕሮኒያዚድ የተሰጣቸው ሕሙማን ምግብ መብላት ጀመሩ፣ ተጫወቱ፣ ጨፈሩም። ይህ ደስታ መጀመሪያ የተመዘገበው እንደ ጎንዮሽ ውጤት ነበር። በ1957 ዶክተር ናታን ክላይን መድኃኒቱ ለድብርት እንደሚረዳ አስታወቁ። ይሁን እንጂ ጉበት ስለሚጎዳ በ1961 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ።

በዚያው ዘመን በስዊዘርላንድ ሚንስተርሊንገን ሆስፒታል ዶክተር ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ለድብርት ሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን በ1957 አሳተሙ። እኛ አገር በብዛት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን የዚሁ ቤተሰብ ነው። የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ ላብ፣ የዓይን ብዥታና ሲነሱ ማዞር ከመጀመሪያው አንሥቶ የሚታወቁ ጠባዮቹ ናቸው። እህታችን የደረሰባት አዲስ ነገር አልነበረም፤ አስቀድሞ የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ከሁሉም ይበልጥ ያስገረመን የአይብ ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ትራኒልሳይፕሮሚን የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች በድንገት ራሳቸውን የሚፈልጥ ሕመም ይይዛቸው፣ አንዳንዶቹም አንጎላቸው ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ወጣቱ ሐኪም ባሪ ብላክዌል ስለዚህ ሲጽፉ፣ አንድ የኖቲንግሃም ፋርማሲስት ደብዳቤ ላከላቸው። ሚስቱ ይህን መድኃኒት እየወሰደች አይብ ስትበላ ሁለት ጊዜ ብርቱ ራስ ምታት እንደያዛት አስተውሎ ነበር። መጀመሪያ ነገሩ አሳቃቸው። ቆይተው ግን ሌሎች ሕሙማንም አይብ በልተው እንደነበር አጣሩና በ1963 አሳተሙት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ በቆየ አይብ ውስጥ ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በአንጀታችንና በጉበታችን ያለ አንድ ኢንዛይም ሰባብሮ ያጠፋዋል። መድኃኒቱ ይህን ኢንዛይም ስለሚያግደው ታይራሚኑ ወደ ደም ይገባል፣ የደም ግፊትም በድንገት ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ይህን ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከየትኛው ምግብና መድኃኒት መራቅ እንዳለባቸው ይነገራቸዋል። ብዙ ሕይወት ያተረፈው ይህ እውቀት የተነሣው ከአንድ ቤት ገበታ ነው።

በ1987 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ፍሉኦክሴቲን ከቀደሙት ይሻላል ተባለ፤ ከመጠን በላይ ቢወሰድ እንኳ እንደ ቀድሞዎቹ ልብን አይጎዳም። እርሱም ግን የራሱ ጣጣ አለው፦ ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ሴቶች ለመናገር የምናፍረው የግብረ ሥጋ ፍላጎት መቀነስም ጭምር። ከአይቡፕሮፌን ወይም ከአስፒሪን ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋን ይጨምራል። ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና መደናገር ሊያስከትል ይችላል፤ ይህ ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ሕመምም ስለሚታዘዝ ሁለቱን ከተለያዩ ሐኪሞች የምትቀበል ሴት አትጠፋም፤ ፍሉኦክሴቲን ግን የአሚትሪፕቲሊንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። በ2004 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የድብርት መድኃኒቶች በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምሩ እንደሚችሉ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። ስለዚህ መድኃኒት የጀመረ ልጅ ያላት እናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይኗን ከልጇ ላይ አታንሣ።

ይህን ያነበብነው መድኃኒት ለመፍራት አይደለም። መድኃኒቱ ከመካከላችን ብዙዎቻችንን ከአልጋ አንሥቶናል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ሲመጣ፣ ጥቅሙ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እንደሚቆይ ያላወቀች ሴት ልክ ሊሻላት ሲል ታቋርጠዋለች። በድንገት ማቋረጡም ራሱ ማዞርና መረበሽ ያመጣል።

አሁን በማኅበራችን አንድ ልማድ ጀምረናል። ወደ ሐኪም የምትሄድ እህት የምትወስደውን ሁሉ፣ የራስ ምታት ክኒንም ሆነ የባህል መድኃኒት፣ በፌስታል ይዛ ትሄዳለች። ጠላና አረቄ የምትቀምስ ከሆነም ትናገራለች፤ መጠጥ የመድኃኒቱን እንቅልፍ ያብሳልና። የተሰማትን በደብተር ትጽፋለች፣ መጻፍ ለማትችል ጎረቤቷ ትጽፍላታለች። ያቺ እህታችን እኛው ይዘናት ወደ ሐኪሟ ተመለሰች። ሐኪሟ መጠኑን ቀንሶ ማታ እንድትወስደው አደረጋት። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናውን የምታፈላው እሷ ናት።