የጥርስ መውለቅ የእርጅና ግዴታ አለመሆኑና የድድ ሕዋሳት እርጅና የሚያስከትለው ጉዳት

የድድ መቆጣትና የጥርስ መነቃነቅ ብዙ ጊዜ የዕድሜ ዕጣ ተደርገው ቢታዩም፣ የበሽታው ዋነኛ መነሻ በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚጠራቀመው የባክቴሪያ ንጣፍ ነው። የሕዋሳት እርጅና በበኩሉ የድድን ራሱን የመጠገን አቅም በማዳከም ሕመሙን ያባብሳል።

በሽታው ሁለት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲፋቅም ይደማል፤ ንጣፉ በወቅቱ ከጸዳም ወደ ጤናው ይመለሳል። ካልጸዳ ግን ቁጣው ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርስን የሚደግፈውን አጥንት ይበላል። በዚህ ሁኔታ የጠፋ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይተካም።

ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት የሰው ልጅ ሕዋስ ከተወሰነ ጊዜ በላይ እንደማይከፋፈል አሳይተዋል። መከፋፈል ያቆሙ ሕዋሳት ሳይሞቱ በአካል ውስጥ ሲቆዩ ቁጣን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ያመነጫሉ። እነዚህ ሕዋሳት በድድና በጥርስ ደጋፊ አካላት ውስጥ ሲበዙ ቁስል ዘግይቶ ይድናል፣ የአጥንት መሳሳትም ይፋጠናል። የስኳር በሽታና ትምባሆ ማጨስም ጉዳቱን ያከብዱታል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በከባድ የድድ በሽታ እንደሚጠቁ ይገምታል።

በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር በሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ጉዳዩ ከአመጋገብ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ማኘክ ያቃተው አረጋዊ የሚመገበው ምግብ ዓይነቱም መጠኑም ይቀንሳል። ድርቅ በተደጋጋሚ በሚያጠቃቸው እንደ ታች ጋይንትና ስማዳ ባሉ አካባቢዎች ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ከተሞች ርቆ ለሚኖር አረጋዊ ደግሞ ሕክምና መፈለግ ራሱ ጉዞና ወጪ ይጠይቃል። በመሆኑም ሕመሙ ጥርስ ከተነቃነቀ በኋላ ሳይሆን ገና ድድ መድማት ሲጀምር ቢደረስበት ይመረጣል።

በዚህ ረገድ የወይራና የክትክታ መፋቂያ በየቤቱ የሚገኝ መሣሪያ ነው። ጫፉ ታኝኮ ከለሰለሰ በኋላ ድድን ሳያቆስል በጥርስ ውስጠኛ ገጽታም ላይ ሊያልፍ ይገባል። በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ መቦረሽ ደግሞ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል። ጠንክሮ ድንጋይ የመሰለው ቆሻሻ ግን በባለሙያ ካልሆነ በቀር አይነሳም።

የሕዋስ እርጅናን በመድኃኒት ለመግታት የሚደረገው ምርምር ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ራፓማይሲን የተባለው መድኃኒት ባረጁ አይጦች ላይ የድድ ቁጣን እንደቀነሰና አጥንት መልሶ እንዲያድግ እንደረዳ አመልክቷል። ሆኖም መድኃኒቱ ለሰው የድድ ሕክምና የተፈቀደ አይደለም።

ስለዚህ አሁን በእጅ ያለው መፍትሔ መከላከል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲጎበኙ አረጋውያንን ስለ ድድ መድማት ቢጠይቁ፣ ጤና ጣቢያዎችም የስኳር ሕሙማንን በክትትላቸው ወቅት ድዳቸውን ቢመለከቱ፣ ብዙ ጥርስ ሳይወልቅ ማትረፍ ይቻላል።