ባዶና ዜሮ

ወልድያ ውስጥ የወረዳዎችን የጤና ሪፖርት እደምር በነበረበት ጊዜ አንድ ፋይል ነበረችኝ። ውስጧ ሃያ ያህል የዳታቤዝ ጥያቄዎች ተራ በተራ ተጽፈዋል። ማታ መብራት ሲረጋጋ ጥቁሩን የኮማንድ መስኮት እከፍትና ፋይሏን የምታስነሳ አንዲት መስመር ጽፌ እተኛለሁ። ጠዋት የየወረዳው ድምር ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።

ነገሩ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 አሜሪካ ሕዝቧን ስትቆጥር የሄርማን ሆለሪት ማሽን የተበሱ ካርዶችን እየተቀበለ ይደምር ነበር። ጥያቄውን አንዴ አዘጋጅቶ በሁሉም ካርድ ላይ መድገም፤ «ባች» የምንለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀት ሐሳቡን አሳተመ፤ ከዚያ የአይቢኤም ባለሙያዎች ኤስኪውኤልን ፈጠሩ። ካርዱ ቀረ፣ ልማዱ ቀጠለ።

በእኛ አገር የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ ወሎ በድርቅ በተመታችበት፣ ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን ከመታየቷ ከጥቂት ወራት በፊት። ውጤቱ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ቆጣሪዎች ያልደረሱባቸው አካባቢዎች ግን ነበሩ። የእነዚያ ሕዝብ በግምት ተሞላ እንጂ «የለም» አልተባለም።

እኔ ይህን ረስቼው ነበር።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ሪፖርትም የለም። ወደ ሥራ ስንመለስ የዓመቱን ድምር ለማውጣት ያችኑ ፋይል አስነሳኋት። ጠዋት አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ፦ ሀብሩ፣ ጥቅምት 2014፣ የተወለዱ ሕፃናት፣ 0።

የእህቴ ልጅ እኮ የተወለደችው በዚያው ጥቅምት፣ መርሳ፣ በኩራዝ ብርሃን ነው!

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ዳታቤዝ ውስጥ «ነል» የሚባል ነገር አለ፤ ዜሮ አይደለም፣ «አይታወቅም» ማለት ነው። ባዶ ሳጥን ስለሚያስጠላኝ ከዓመታት በፊት ባዶውን ሁሉ ወደ 0 የሚቀይር ትእዛዝ ጨምሬ ነበር። ስክሪፕት ደግሞ አይጠይቅም፤ የታዘዘውን በየወረዳው፣ በየወሩ ደገመው። በእጄ ብደምር ኖሮ ምናልባት አንዱ ወር ላይ እጄ ይያዝ ነበር።

ደግነቱ ማረሙም እንደ ጥፋቱ ነው፤ አንዴ ከተስተካከለ ሁሉም ይስተካከላል። ትእዛዙን አጠፋሁ፣ ከጎኑ «ስንት ተቋም ሪፖርት ላከ?» የሚል ዓምድ ጨመርኩ፣ ደግሜ አስነሳሁ።

አለቃዬ ወረቀቱን አገላብጦ፣ «ይሄ ባዶ ምንድን ነው? ዜሮ ብታደርገው አይሻልም?» አለኝ።

«አይ ጋሼ፣ ዜሮ ካልን አልተወለዱም ማለት ነው። ባዶው ግን አልሰማንም ማለት ነው።»

ትንሽ ዝም አለና ፈረመ። ሠንጠረዡ ከነባዶው ሄደ።