ቾክና ሚኒሞ (በካርቡራተር መኪና)

ቾክ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የአየሩን መግቢያ አጥብቦ መጠነ ቤንዚኑን የሚያበዛ ክዳን ሲሆን፣ ሚኒሞ ደግሞ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሣ ጊዜ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠራችው ቮልስ፣ ክዳኑን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፣ ከሁለት ማዕድን የተጣመረ ጥምዝ ስለ ሆነ፣ ሽቦው የተበጠሰ እንደ ሆነ ክዳኑ ሳይከፈት ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ጥቁር ጢስ ይበዛል፣ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል። ወልቂጤና ጉብሬ ባሉበት በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር ያለ ቾክም ቤንዚን ያበዛል። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ሲል ብዙዎች ወደ ማስተካከያው ብሎን መቸኮላቸው ግን አይመሰገንም፤ አስቀድሞ በካርቡራተሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን አየር ይሾልክ እንደ ሆነ ይመርመር፣ ቀጥሎም የሚኒሞው ቀጭን የቤንዚን ቀዳዳ በአየር ይነፋ።