ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ፣ በወሎ ሰፈር በኩል

ከተማ ሁሉ በር አለው፤ የአዲስ አበባ በር ግን በአንድ ስፍራ ረግቶ የኖረ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ዋና ከተማችን በደረሰ ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳ ከተማይቱን አስቀድሞ የሚያያት ከለገሃር ነበር። የአይሮፕላን ጉዞ ሲስፋፋም በሩ ወደ ልደታ ዞረ፤ ከልደታም ወደ ቦሌ ተዛወረ። ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ይህ የመጨረሻው በር ስለ ወለደው አጭር መንገድ ነው።

በሩ ለምን ተዛወረ ቢባል፣ ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በዚህ ስስ አየር አይሮፕላን ለመነሣት ረዥም ሜዳ ይሻል። የልደታ ሜዳ ለቦይንግ 720 ጄት አጥሮ ተገኘ። ስለዚህም የቦሌው ማረፊያ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአፍሪካ አገሮች መሪዎች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአንድነቱን ድርጅት የመሠረቱትም በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 17 ቀን ነው። የቦሌው መንገድ የአፍሪካ ጎዳና መባሉን ስንሰማ ሁልጊዜ የሚታወሰን ይህ ነው።

በአሜሪካ፣ በ1948 ዓ.ም. የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ካስፋፋው መረብ ውስጥ፣ ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ከተማ መካከል የሚገባ አጭር ቅርንጫፍ ባለ ሦስት አኀዝ ቍጥር ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያውም አኀዝ ጎዶሎ ይሆናል። ነጂው ቍጥሩን አይቶ ብቻ መንገዱ ወዴት እንደሚያደርሰው ያውቃል። የእኛ ቅርንጫፍ ቍጥር የለውም። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ከመስቀል አደባባይ በኦሎምፒያና በወሎ ሰፈር አልፎ የቀለበት መንገዱን አግኝቶ ከአይሮፕላን ማረፊያው ይደርሳል።

ነገር ግን የማለፊያ መንገድ ማለፊያ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቤት ይከተለዋል፤ ሱቅ ይከተለዋል፤ በመጨረሻም ሰው መንገዱን ትቶ ሰፈሩን ይጠራል። ወሎ ሰፈር የዚህ ምስክር ነው። ታክሲ ላይ የሚወጣው ሰው «ወሎ ሰፈር ወራጅ አለ» ይላል እንጂ የአፍሪካ ጎዳና ሲል አልሰማነውም። ከዚህ ሰፈር ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና በተሠራ ጊዜ ደግሞ፣ የቦሌው መንገድ ከደብረ ዘይት መንገድ ጋር ተገናኘ። እንግዲህ ከቦሌ የተነሣ መኪና መስቀል አደባባይ ሳይገባ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አዳማ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ሊያመራ ቻለ። መተላለፊያ የነበረው ሰፈር መገናኛ ሆነ ማለት ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ይህ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. በኋላ የቦሌው መንገድ እንደ አዲስ ሲሠራ አፈሩ ተቆፍሮ በከረመበት ወራት፣ እኛም ጫማችንን በእጃችን ይዘን የተሻገርንበት የክረምት ጧት አለ። በቢሮ በር ላይ እግራችንን ስንጠርግ ያየን አለቃችን «ከእርሻ ነው የመጣችሁ?» ብሎ ስቆብናል። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ፈጠነ፤ እግረኛው ግን ከበፊቱ ይልቅ ዞሮ መሻገር ግድ ሆነበት። ከአይሮፕላን የወረደው እንግዳ በደቂቃዎች ከተማ መካከል ሲደርስ፣ ከጎዳናው ወዲህ የምትኖር እናት ከጎዳናው ወዲያ ወዳለችው ጎረቤቷ ቡና ለመጠጣት የምትሄድበት መንገድ ረዘመ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፤ በጎዳናው ዳር የሚሄደው ሰው ተመችቶታል። እናቲቱ ግን የምትሄደው በዳር አይደለም፤ ማቋረጥ ነው የምትሻው።